ቁጥር ሃያ ሰባት ታርጋ

ታክሲዬን ያስረከብኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ሰዉ ስልኩን ነካ አድርጎ መኪና መጥራት ከጀመረ ወዲህ ኤርፖርት ተሰልፎ መንገደኛ መጠበቅ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ከመዋል የተለየ አልነበረም። ወገቤም ከእኔ ቀድሞ ጡረታ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ፎርሙን ፈርሜ፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በነዳሁበት ከተማ በአውቶቡስ ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን በጎን መስኮት እያየሁ ሄድኩ። ቅር አላለኝም።

ሥራህ ምን ነበር ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ግን ታክሲ ነጂ ብዬ መልሼ አላውቅም። መርከበኛ ነበርኩ እላለሁ። በጦርነቱ ዘመን ቀይ ባሕር ላይ፣ ፍሪጌት በምትባል የጦር መርከብ የሞተር ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የቀድሞ ባልደረቦቼ እዚህ ሎስ አንጀለስ ጥቂት አይደለንም። በዓመት አንድ ቀን ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለ ምግብ ቤት ተሰብስበን የበላነውን ሳይሆን የሠራነውን ስናወራ እናመሻለን። ዘንድሮ የአንዱ ባልደረባችን ልጅ ሄለን ዝግጅቱን ተረከበችና ደወለችልኝ።

«ጋሼ ግርማ፣ የመርከቧን ሂስትሪ ጻፍልን። ቡክሌት ፕሪንት እናደርጋለን። ሁሉም ሰው እሱ ነው የሚያስታውሰው ይላል።»

«ስንት ገጽ?»

«ሦስት ፔጅ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማንም አያነብም፣ ኦኬ?»

እኔ የምፈራው አለማንበባቸውን ሳይሆን ማንበባቸውን ነው ልላት ፈልጌ ተውኩት። ኦኬ አልኳት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ብዕር ይዤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ገጽ በአንድ ቀን አለቀ። ሁለተኛው ላይ አንድ ንጋት አለ፣ እሱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

መርከቧን ከነስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከጠረፍ ጠባቂ ጀልባዎቹ አጠገብ ስትቆም ግዙፍ ስለነበረች ሁላችንም «ትልቋ» እንላት ነበር። ከሩሲያኖች እጅ የመጣች፣ አገልግላ የደከመች መርከብ ናት። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ በሩሲያኛ፣ የመለኪያዎቹ ጽሑፍ በሩሲያኛ፣ ስድባችን ብቻ በአማርኛ ነበር። ሥራዋ ከምጽዋ እስከ አሰብ መመላለስ፣ ዕቃ ጫኝ መርከቦችን ማጀብ፣ በታዘዘች ጊዜ ወደ ጠረፍ መተኮስ ነው። የተኮሰችው የት እንዳረፈ እኛ ከታች ያለነው አናይም። መድፉ ሲተኮስ የምናውቀው የሞተር ክፍሉ አምፖሎች ሲርገበገቡ ነው። ዛሬ ሰዎች «ስንት ውጊያ አየህ?» ሲሉኝ አምፖል ነው ያየሁት እላቸዋለሁ፤ ቀልድ ይመስላቸዋል።

ከታች ሙቀቱ እንጀራ አያስበላም። ሸሚዝ የሚባል ነገር ከወገብ በላይ አናውቅም ነበር። የዚያ ክፍል አለቃ ቺፍ ደምሴ ነበሩ፤ አጭር፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጡ ሰው። እኔን ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ሞተር የሚያዳምጡት በረጅም ካቻቢቴ ነው። የብረቱን ጫፍ ከሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ሦስተኛው ያስለዋል» ይሉ ነበር፣ ሦስተኛውን ሲሊንደር ማለታቸው ነው። ፈትተን ስናይ እውነትም ያስለዋል። ቧንቧ ደግሞ በመዳፋቸው ነክተው አያውቁም፤ በእጃቸው ጀርባ ነው የሚነኩት። «መዳፍህ ቢቃጠል ምን ትሠራበታለህ? ጀርባው ይበቃል» ይላሉ። እኔ እስከ ዛሬ የሻይ ማንቆርቆሪያ የምነካው በእጄ ጀርባ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የማያላሉት የታርጋውን ሥርዓት ነበር። እያንዳንዳችን ቁጥር የተቀረጸበት፣ ከብር ሳንቲም ትንሽ ሰፋ የሚል የነሐስ ታርጋ አለን። የእኔ አሥራ ዘጠኝ ነው። ታርጋዎቹ በሩ አጠገብ ባለ ሰሌዳ ላይ በየሚስማራቸው ይሰቀላሉ። አንድ ሰው ቫልቭ ከዘጋ ወይም ከከፈተ ታርጋውን ከሰሌዳው አንስቶ በሽቦ ቫልቩ ላይ ያስራል። ወደነበረበት ሲመልሰው ታርጋውንም ወደ ሚስማሩ ይመልሳል። ተረኛ ሲቀያየር ወጪና ገቢ አብረው ዞረው፣ ታርጋ ያለበትን ቫልቭ ሁሉ ሁለቱም በእጃቸው ነክተው፣ ስሙን ጮክ ብለው ተናግረው ነው የሚለያዩት። ይህ ዙር ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። እንቅልፍ ላጣ ሰው ሃያ ደቂቃ ብዙ ነው፣ ግን ቺፍ ባሉበት ማንም አይዘለውም።

አስፋው የታርጋ ቁጥሩ ሃያ ሰባት ነበር። በአንድ ወር ነው መርከቧ ላይ የተመደብነው፤ አልጋችንም ከላይና ከታች። ለፈቃድ ስንወጣ የእኔ ቤተሰብ ሩቅ ስለነበረ ዕረፍቴን የማሳልፈው ናዝሬት የአስፋው እናት ቤት ነበር። እናቱ ለእሱ የላከችውን ያህል ዳቦ ቆሎ ለእኔም በሌላ ቆርቆሮ ለይታ ስሜን ጽፋበት ትልክልኝ ነበር። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም፣ የዚያን ቀን ፊቴ ለምን እንደከዳኝ እንድታውቁት ነው።

አንድ ዕቃ ጫኝ መርከብ ወደ ምጽዋ እያጀብን ሳለ ምሽት ላይ በሬዲዮ መልእክት መጣ። የአስፋው እናት አርፋለች። ቺፍ መልእክቱን አንብበው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። መርዶ በማታ አይነገርም፤ ለብቻውም ላለ ሰው አይነገርም። ንጋት ላይ፣ ታላላቆች ባሉበት፣ ተቀምጦ ነው የሚሰማው። ባሕር ላይም ብንሆን ቺፍ ይህን አይለውጡትም። እኔን ብቻ ጠርተው ነገሩኝ።

«ተራው ላይ ነው። ከሰዓትህ ቀድመህ ግባና ተካው። ሳይነጋ ወጥቶ ትንሽ ጋደም ይበል። ከእኛ ከመስማቱ በፊት ከፊትህ ላይ እንዳያነብ።»

«እሺ ቺፍ።»

ገባሁ። አስፋው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ እየፎጨ ነበር። ቀድሜ መምጣቴ ገርሞት «ምን ነካህ፣ ሕልም አየህ?» አለኝ። ዓይኔን ወለሉ ላይ ተክዬ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሂድ ተኛ» አልኩት። ሰሌዳውን እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም።

«እንዙራ» አለኝ።

«እኔ እዞራለሁ። ሂድ።»

«ቆይ እንጂ፣ ሁለት ቁጥር ሞተር…»

«አይቼዋለሁ። ሂድ አልኩህ እኮ።»

ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ወጣ። አንዲት ቃል ብጨምር አለቅስ ነበር። ብቻዬን ስቀር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የዳቦ ቆሎው ቆርቆሮ ነበር የሚታየኝ። እዞራለሁ ያልኩትን ዙር አልዞርኩም።

አስፋው ሊነግረኝ የነበረው ይህ ነው። የሁለት ቁጥር ሞተር ማቀዝቀዣ የባሕር ውኃ የሚገባበትን ማጣሪያ ፈትቶ አጽድቶታል። ውኃ እንዳያሾልክ የሚደረገው ጋስኬት ተበጥሶ ስላገኘው አዲስ እስኪቆረጥ ድረስ ቫልቩን ዘግቶታል። ቫልቩ ከወለሉ ብረት ሥር ነው፤ ብረቱን ሳያነሱ አይታይም። በሰሌዳው ላይ ግን የሃያ ሰባት ሚስማር ባዶ ነበረ፤ ቀና ብል ኖሮ አየው ነበር።

ሊነጋ ሲል ከላይ የሙሉ ፍጥነት ትእዛዝ መጣ። ፈጣን ጀልባዎች ወደምናጅባት መርከብ እየመጡ ነው። እስከዚያ የሚሠራው አንድ ቁጥር ሞተር ብቻ ነበር፤ ሁለት ቁጥርንም አስነሣሁ። ጥቂት ደቂቃ እንደሄድን የሁለት ቁጥር ሙቀት መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ መለኪያው ነው የተበላሸው አልኩ፤ የሩሲያኖቹ መለኪያ ብዙ ጊዜ ይዋሻል። ቀጥሎ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ያኔ ነው የወለሉን ብረት ያነሣሁት። ቫልቩ ተዘግቷል፤ በላዩ ላይ ሃያ ሰባት ቁጥር በሽቦ ታስሮ ተንጠልጥሏል።

ታርጋው እዚያ እስካለ ድረስ አስፋው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፤ ጥፋቱ ሳይዞር የተረከበው ሰው ነው። ይህ ሁሉ በራሴ ውስጥ ያለፈው ቺፍ መሰላሉን እስኪወርዱ ባለው ጊዜ ነው። ታርጋውን ቦጭቄ ኪሴ ከተትኩት።

ቺፍ ከመርዶው መካከል ተነሥተው ነው የመጡት። ቧንቧውን በእጃቸው ጀርባ ነክተው ወዲያው ወደ ማጥፊያው ዞሩ። ያን ጊዜ አንድ ቱቦ ፈንድቶ የፈላ ውኃ ቀኝ እጃቸውን ከክርን እስከ ጣት ላጠው። እንደዚያም ሆነው ሞተሩን አጠፉት። ፒስቶኖቹ ግን ተጣብቀው ነበር። በአንድ ሞተር እያነከስን ስንከተል ዕቃ ጫኟ መርከብ ተበሳስታ ምጽዋ ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም። ትልቋ ግን ለወራት ከወደብ አልተነሣችም።

ምርመራው በሦስተኛው ቀን ነበር። አስፋው ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ዓይኑ አብጦ ገባ።

«ቫልቩን የዘጋኸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ታርጋ አድርገህበታል?»

«አድርጌያለሁ…» አለና ቆመ። ያ መርዶ ከእሱ በፊት የነበረችውን ሰዓት ጠርጎ ወስዶበታል። «መሰለኝ» አለ።

«ለተረኛው ነግረኸዋል?»

ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። «የነገርኩት መሰለኝ።»

እኔን ጠየቁኝ። አልነገረኝም አልኩ። ሃያ ሰባት ታርጋ ሰሌዳው ላይም ቫልቩ ላይም ስላልተገኘ የሆነ ቦታ ጥሎት ነው ተባለ።

አስፋውን ከመርከቧ አውርደው አሰብ ወዳለ መጋዘን መደቡት። ቺፍ ደምሴ «ክፍሉ የእኔ ነው» ብለው ማዕረጋቸው ዝቅ አለ። እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ጎበዝ ሠራተኛም ተባልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ዙር ዘልዬ አላውቅማ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ትልቋ የቀረውን ሰው ጭና ባሕሩን ተሻግራ የመን ገባች። የሥራ ታሪኳ እዚያ ያበቃል። በሌላ አገር ወደብ ዝጋ ቆማ ኋላ ለብረት እንደተሸጠች ሰምቻለሁ። ከመርከቧ ስንወርድ ቺፍ የሞተሩን ክፍል ዞረው ቫልቮቹን በሙሉ ዘጉ። የተቀበለን ስለሌለ የቫልቮቹን ስም ለራሳቸው ነበር የሚናገሩት።

በስደተኛ ሰፈሩ ድንኳን አብረን ነበርን። አንድ ቀን ልብስ ስናጥብ፣ ቆዳው በተሸበሸበው እጃቸው ሸሚዝ እየጨመቁ፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ቫልቩ ላይ ሽቦ ቀርቶ ነበር። የተቆረጠ ሽቦ።»

ሳሙናው ከእጄ ወደቀ።

«አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ለምን ዝም አሉ ታዲያ?»

«ቀድመህ ተካው ያልኩህ እኔ ነኝ። ደግሞ ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነበር፤ በየቀኑ ስጠብቅህ ከረምኩ።» ሸሚዙን አራግፈው ገመዱ ላይ አሰጡት። «አስፋው በሕይወት ካለ ታገኘዋለህ። ንገረው።»

እሳቸው ወደ አገር ቤት ተመለሱ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አረፉ። እኔ ወደዚህ መጣሁ።

አስፋውን ያገኘሁት ፌርፋክስ ላይ፣ የቅመማ ቅመም ሱቅ በር ላይ ነው። በሱዳን በኩል ከእኔ ቀድሞ ገብቶ ኖሯል። አቅፎኝ አለቀሰ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ።

«ግርማ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። በእኔ ዝንጉነት ቺፍ እጃቸው ተላጠ፣ አንተንም ለምርመራ አቆምኩህ። እግራችሁ ላይ ልወድቅ ሁሌ አስብ ነበር።»

ሰው መሆን ቢኖርብኝ ያን ጊዜ ነበር። እኔ ግን «ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው» አልኩት። ይቅርታ አደረግኩለት። ከሠራሁት ሁሉ ይህን ነው የማልረሳው።

ከዚያ ወዲህ ወንድማማች ሆነን ኖርን። የልጆቹ ክርስትና አባት ነኝ። ታክሲ አብረን እንንዳ ስለው «እኔ የሰው ነፍስ አልይዝም፣ እዘነጋለሁ» አለኝ። ፓርኪንግ ገባ። አለቆቹ ኃላፊ ሊያደርጉት ሁለት ጊዜ ጠይቀውት እምቢ አለ። የሰው መኪና ፓርክ ካደረገ በኋላ ቁልፉ ላይ ያለውን ካርድ ሦስት ጊዜ ያየዋል። ሚስቱ የሺ «በሩን ቆልፎ መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ መቆለፉን ሊያይ ሳይመለስ ከቤት ወጥተን አናውቅም» እያለች ሰው ታስቃለች። ሰው ሲስቅ እኔም እስቅ ነበር። ታርጋው ያን ሁሉ ጊዜ በመሳቢያዬ ውስጥ፣ ካልሲ ሥር ነበር።

ለሄለን የምጽፈው ላይ እጄ የቆመው ለዚህ ነው። መርከቧን ሦስት ገጽ ውስጥ ሳስገባ «ሁለት ቁጥር ሞተር በተረኛ ቸልተኝነት ተበላሸ» ብዬ ልጽፍ ነው። ሁሉም የማን ቸልተኝነት እንደሆነ ያውቃል። ቡክሌቱን የአስፋው ልጆችም ያነቡታል። አንድ ቀን ጠዋት ታርጋውን ኪሴ ከትቼ ወደ ሥራ ቦታው ሄድኩ።

ፓርኪንጉ ከፌርፋክስ ገበያው ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። አስፋው የሚቀመጥባት ቤት የስልክ ሳጥን የምታህል፣ ሁለት በርጩማ የምትይዝ ናት። ታርጋውን ፊቱ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። መነጽሩን አውጥቶ አየው። ገልብጦ አየው።

«የት አገኘኸው?»

«ቫልቩ ላይ። አንተ ያሰርክበት ቦታ። ቺፍ ሳይደርሱ ቦጭቄ ኪሴ ከተትኩት።»

ነጭ መኪና መጣ። ካርዱን ተቀበለ፣ ቁልፉን ከሚስማሩ አነሣ፣ መኪናውን አምጥቶ አስረከበ፣ ተመለሰ። ቁጭ አለ።

«አድርጌበት ነበር ማለት ነው።»

«አድርገህበት ነበር። ልትነግረኝም ጀምረህ ነበር። አይቼዋለሁ ብዬ አባረርኩህ። የእማማን መርዶ አውቄ ስለነበር ዓይንህን ማየት አቃተኝ። እሱ ሰበብ አይደለም። ታርጋውን የነቀልኩት ግን ፈርቼ ነው፤ ፍርሃት ብቻ ነው።»

ታርጋውን በአውራ ጣቱ እየጠረገ ነበር።

«እዚህ ስንገናኝ ይቅርታ ጠየቅኩህ እኮ።»

«አዎ።»

«ተቀበልከኝ።»

«አዎ።»

ሌላ መኪና ገባ። ተነሣ። «ሥራ ላይ ነኝ ግርማ። ሂድ» አለኝ። አልጮኸም። ታርጋውን ግን ደረት ኪሱ ከተተው።

ቤት ገብቼ በአንድ ቀን ጽፌ ጨረስኩት። ሄለን አንብባ ደወለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ለቡክሌት ትንሽ ሄቪ አይሆንም? እሱን ፓርት ብቻ ስኪፕ ብናደርገውስ?»

«እሱ ከወጣ መርከቧም ትውጣ።»

«ኦኬ» አለች። ስለዚህ ከሌሎቹ መስመሮች መካከል፣ በተረኛ መዝገብ አጻጻፍ፣ ይህም ታተመ፦ «የሁለት ቁጥር ሞተር የባሕር ውኃ ቫልቭ ለጥገና በአስፋው ተዘግቷል። ታርጋ ሃያ ሰባት በቦታው ነበር። ገቢ ተረኛ ግርማ ሳይዞር ተረክቧል፣ ታርጋውንም አንሥቷል።»

በስብሰባው ቀን አስፋው አልመጣም። ለመጡት ራሴ ቆሜ ነገርኳቸው። አንዳንዱ ጨበጠኝ፣ አንዳንዱ አልጨበጠኝም፤ ሁለቱንም አልተቃወምኩም። ለአስፋው ስልክ ብደውል አያነሣም፤ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ወንድሜ ነበር፣ ይናፍቀኛል። ላሳደደው መብት የለኝም።

ባለፈው እሑድ ግን የሺ ደወለችልኝ። ሰላምታም ሳታስቀድም ነው የጀመረችው።

«ጋሼ ግርማ፣ እሱ አትደውዪለት ብሎኛል፣ ሶ እንደደወልኩ አትንገረው። ትናንት ባልድዊን ሂልስ ሰርግ ነበረብን። በሩን ቆለፈና መኪና ውስጥ ገባ። ሞተሩን አስነሥቶ ነዳ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ እኔው ነኝ ‹አስፋው፣ በሩስ?› ያልኩት። ‹ቆልፌዋለሁ› አለኝ።»

«መሰለኝ አላለም?»

«አላለም» አለችኝ።